ጀኔራሉ እና የሸዋ በሩ ሃምሳ አለቃ

የእህቴ ልጅ አስር ዓመቱ ነው። የሚኖሩት ከቶሮንቶ በስተምሥራቅ ባለችው ኤጃክስ ነው። የሚማርበት ትምህርት ቤት በአንድ ወታደር ስም ተጠርቷል፤ በጀኔራል ሮሜዮ ዳሌር። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እነሱ ቤት ቡና ስንጠጣ ልጁ ደብተሩን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። ትምህርት ቤታችሁ ለምን በዚህ ሰው ስም ተጠራ የሚል የቤት ሥራ ተሰጥቶታል። ትንሽ አነበበና ቀና ብሎ «አጎቴ፣ ሰውየው እኮ ሰዎቹን አላዳናቸውም። ታዲያ ለምን ትምህርት ቤት በስሙ ሰየሙለት?» አለኝ።

እህቴ ጀበናውን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። የምመልሰው አጣሁ። ያን ቀን ያልመለስኩለትን ነው አሁን የምጽፈው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፤ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።

ዳሌር የተወለዱት በ1946 ሆላንድ ነው። አባታቸው ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱ ካናዳዊ ሳጅን፣ እናታቸው ሆላንዳዊት። ገና በስድስት ወራቸው በመርከብ ሃሊፋክስ ደረሱ፣ ሞንትሪያል አደጉ። እንደ አባታቸው ወታደር ሆኑ፣ መድፈኛ። የሚገርመው ግን መኮንን ከሆኑ በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ፓስፖርት ሊያወጡ ሲሄዱ ዜጋ አለመሆናቸውን ሰሙ። ውጭ አገር ስለተወለዱ ነው። ለአገር መሣሪያ የያዘ ሰው በወረቀት ባዕድ ሆኖ ተገኘ። ዜግነቱን በኋላ አገኙ። እኔ ያቺን ወረቀት ስንት ዓመት የጠበቅኩ ሰው ነኝና፣ ይህን ሳነብ ልቤ ወደ ሰውየው ሄደ።

ከዚያ ሩዋንዳ መጣ። በ1993 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በአሩሻ የተፈረመውን የሩዋንዳ የሰላም ስምምነት የሚጠብቅ ጦር ሲያቋቁም፣ አዛዥ አድርጎ የላከው እሳቸውን ነበር። በጃንዋሪ 11 ቀን 1994 ወደ ኒውዮርክ መልእክት ላኩ። አንድ መረጃ ሰጪ የመሣሪያ ክምችት የት እንዳለ ጠቁሞኛል፣ የአገሩ አናሳ ጎሳ የሆኑት ቱትሲዎች ሊገደሉ እየተመዘገቡ ነው፣ ሄጄ መሣሪያውን ልያዝ አሉ። አይሆንም፣ ለዚያ አልተላክህም ተባሉ። ያኔ የሰላም ማስከበሩን ክፍል የሚመሩት ኮፊ አናን ነበሩ።

ሦስት ወር አልሞላም። ኤፕሪል 6 ማታ የፕሬዚዳንቱ አውሮፕላን ተመትቶ ወደቀ፣ በማግስቱ 10 የቤልጂየም ወታደሮች ተገደሉ፣ ቤልጂየምም ጦሯን ጠቅልላ ወጣች። በአገሩ ሁሉ ጎረቤት ጎረቤቱን በገጀራ በሚያርድበት ሰዓት የፀጥታው ምክር ቤት ተሰብስቦ ያ ጦር ወደ 270 ሰው ይቀነስ ብሎ ወሰነ። ዳሌር ግን ወደ 450 የሚጠጉ ሰዎች ይዘው ቀሩ። አብረዋቸው ከቀሩት ብዙዎቹ ጋናውያን ነበሩ። ምክትላቸው የጋናው ብርጋዴር ጀኔራል ሄንሪ አኒዶሆ አልወጣም አሉ። ሀብታሞቹ ዜጎቻቸውን በአውሮፕላን አንስተው ሲሄዱ የቀረው አፍሪካዊ ወታደር መሆኑን ልጆቻችን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። በስታዲየምና በሆቴል የተጠለለ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በእነዚያ ሰዎች ጥበቃ ተርፏል። በ100 ቀን ውስጥ ያለቀው ግን ወደ 800 ሺህ ይገመታል።

የአገራችንም ስም እዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። ወታደር ላኩ ተብሎ ብዙው አገር ፊቱን ሲያዞር ኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ሰጠች። ልጆቹ በኦገስት ደርሰው የፈረንሳይ ወታደሮች ለቀው በወጡበት በደቡብ ምዕራብ ሩዋንዳ ተሰማሩ፤ ዳሌር ደግሞ በዚያው ሰሞን ለቀው ወጡ። ደርግ ከወደቀ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። እነዚያ ልጆች ራሳቸው ከጦርነት የወጡ ናቸው። እዚያ ደርሰው ያዩትን ለማን ተናገሩ? ማን ጠየቃቸው? እኔ ስለ እነሱ ከአንድ ሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ቃኘው ሻለቃ እንኳ፣ ኮሪያ ዘምቶ አንድ ምርኮኛ ሳያስይዝ ስለተመለሰው፣ የምንናገረው ስለ ጀግንነቱ ብቻ ነው። ሌሊት ሌሊት ምን ያዩ እንደነበር ጠይቆ የጻፈ ካለ ብታሳዩኝ ደስ ይለኛል።

ዳሌር አገራቸው ሲመለሱ ማዕረግ ተጨመረላቸው፤ እስከ ሌተና ጀኔራል ደረሱ። ሥራ ላይ ናቸው፣ ዩኒፎርሙ ተተኩሷል፣ ጫማው ያበራል። ውስጡ ግን ሌላ ነው። እንቅልፍ የለም። በኤፕሪል 2000 በሕመም ምክንያት ከሠራዊቱ ተሰናበቱ። በጁን ወር፣ ከኦታዋ ወንዙን ተሻግሮ ሃል በሚባለው ከተማ፣ መናፈሻ ውስጥ ከወንበር ሥር ራሳቸውን ስተው ተገኙ። በመድኃኒት ላይ መጠጥ ወስደው ነበር። ነገሩ በጋዜጣ ወጣ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ይህ ነገር በእኛ ቤት ቢደርስ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። «ስኳሩ ተነስቶበት ነው» ይባላል። «ጨጓራ ነው፣ ደም ግፊት ነው» ይባላል። በር ይዘጋል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ጠያቂ ሲመጣ ተኝቷል ይባላል። ገበና ነዋ! እሳቸው ግን የካናዳ ብሔራዊ ሬድዮ ለሆነው ለሲቢሲ ደብዳቤ ጻፉ፣ ደብዳቤውም አገር እየሰማ ተነበበ። ሰውን ከቤተሰቡና ከወዳጁ ስለሚነጥለው ቁጣና ብቸኝነት በግልጽ ተናገሩ። ሌተና ጀኔራል ነው እንዲህ የተናገረው። አንድ ተራ ወታደር ቢናገረው ሰነፍ፣ ፈሪ ይባል ነበር፤ እዚህም አገር ቢሆን ያኔ ይባል ነበር። ከላይ ያለው ሰው ሲናገረው ግን ከታች ያለው ትንፋሹን አገኘ። ከዚያ ወዲህ የአእምሮ ቁስል ከጥይት ቁስል እኩል የሚወራበት አገር ቀስ በቀስ መጣ። እሳቸው ብቻቸውን አላመጡትም፣ ግን በሩን ከከፈቱት አንዱ ናቸው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን የፈጠርነው እኛ፣ የምንደብቀውም እኛ።

አሁን ወደ ደሴ ልሂድ። ሸዋ በር ነው ያደግሁት። ግንቦት 1983 በእኛ አቆጣጠር ያ ሁሉ ሠራዊት ሲበተን ልጅ ነበርኩ። በከተማችን እያለፉ ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ፤ ጫማ የሌለው፣ እግሩ ያበጠ፣ ውሃ ስጡኝ የሚል። እናቴ በር ላይ በእንስራ ውሃ አስቀምጣ ታጠጣቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ከ400 ሺህ በላይ ወታደር ተሃድሶ ገብቶ፣ ትንሽ ስንቅና ወረቀት ተሰጥቶት ወደየቤቱ ተሸኘ። ሥራ የለ፣ ጡረታ የለ፣ ስሙ ደግሞ «የደርግ ወታደር» ሆነ። የተሸነፈ ጦር ወታደር ነውና ማን አለሁልህ ይበለው?

ከእኛ ቤት ሦስተኛው በር ላይ አንድ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራቸው በማዕረጋቸው ነው። ቀን ቀን ዝም ያሉ፣ ትሑት ሰው ናቸው። ሌሊት ግን ይጮሃሉ። የሰው ስም እየጠሩ «ውረድ! ተኛ!» ይላሉ። እኛ ልጆቹ አልጋችን ውስጥ ሆነን እንሰማለን። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ የሰማነውን እንደ ጨዋታ እየተቀባበልን «ውረድ! ተኛ!» እየተባባልን እንሳሳቅ ነበር። ዛሬ ላይ ሳስበው ያመኛል። ትልልቆቹ ዛር ነው ይሉ ነበር፤ አንዳንዱ የሰው ደም ነው የሚያስጮኻቸው ይል ነበር። ሚስታቸው ጸበል ወሰዷቸው፣ ስንት ሱባኤ ያዙ። ጸበሉን አልነቅፍም፤ እኔም እጠመቃለሁ፣ ለብዙ ሰው እረፍት እንደሆነም አይቻለሁ። ነገር ግን ያንን ሰው አንድም ሰው «ምን አይተው ነው?» ብሎ የጠየቃቸው አልመሰለኝም።

ወደ ካናዳው ጀኔራል ልመለስ፤ ፖለቲካው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነውና። በማርች 2005 ጠቅላይ ሚኒስትር ፖል ማርቲን ለሴኔት አቀረቧቸው። እዚህ አገር ሴናተር በምርጫ አይገባም፤ ይሾማል፣ እስከ 75 ዓመቱ ይቀመጣል። መናፈሻ ውስጥ ወድቀው የተገኙበት ዜና ገና አምስት ዓመቱ ነው። እስቲ አስቡት። ታሞ ነበር፣ በጋዜጣ ወጥቶ ነበር፣ ወድቄያለሁ ብሎ ራሱ ተናግሮ ነበር፤ ና ሕግ አውጣልን ተባለ።

እኛ አገር መኮንን ወደ ፖለቲካ የሚገባበትን መንገድ እናውቀዋለን። በ1966 በእኛ አቆጣጠር ሠራዊቱ ከነታንኩ ነው የመጣው። ሌተና ጀኔራል አማን አንዶም ሕዝብ የሚወዳቸው ወታደር ነበሩ። የደርግ ሊቀመንበር ሆነው ሦስት ወር ሳይሞላቸው በገዛ ቤታቸው ተገደሉ። ካናዳ ውስጥ የመደበኛው ጦር አባል በፓርቲ ፖለቲካ ውስጥ መግባት አይፈቀድለትም፤ መጀመሪያ ዩኒፎርሙን ያወልቃል። እኛም ግን እንደዚያ ያለ ሰው አላጣንም። መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስን አስታውሱ። ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጥተው፣ አየር ኃይል ሠርተው፣ የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ትምህርት ካናዳ ድረስ መጥተው ተምረው፣ በጃንሆይ ዘመን የፓርላማ ፕሬዚዳንት ሆነዋል፣ ኋላም ከ2001 እስከ 2013 የአገር ፕሬዚዳንት። እስከ መጨረሻው ድረስ «መቶ አለቃ» ነው ስማቸው። ያ ማዕረግ በአፋችን ላይ ሲጠራ አያስፈራም ነበር።

ሴናተር ዳሌር ወንበራቸው ላይ ሆነው ሰው የማይወደውንም ተናግረዋል። ኦማር ካድር የሚባል ካናዳ የተወለደ ልጅ ነበር። በ2002 አፍጋኒስታን ውስጥ በአሜሪካ ወታደሮች ሲያዝ 15 ዓመቱ ነው። ጓንታናሞ በሚባለው የአሜሪካ እስር ቤት ታሰረ። ብዙ ካናዳዊ አሸባሪ ነው፣ እዚያው ይቅር ብሎ ነበር። ዳሌር ግን ይህ ልጅ ነው፣ ትልልቆች ጦርነት ውስጥ ያስገቡት ልጅ ነው ብለው ተከራከሩ። ሰውየው ሩዋንዳ ውስጥ ገጀራና ጠመንጃ የያዙ ሕፃናት አይተዋልና ከመጽሐፍ ያነበቡትን አልነበረም የሚናገሩት። በ2012 ልጁ ወደ ካናዳ ተመለሰ። ዳሌር ሕፃናትን ወታደር ማድረግ እንዲቆም የሚሠራ ተቋምም መሠረቱ። ዛሬ ያ ተቋም ያለው ሃሊፋክስ ነው፤ በሕፃንነታቸው በመርከብ የደረሱባት ከተማ።

ይህን ሳነብ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው አፈሳ ነው። የእኔ ዕድሜ ሰው ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል። ከኳስ ሜዳ፣ ከገበያ፣ ከመንገድ ላይ ታፍሶ የቀረ ልጅ በየሰፈሩ አለ። ዕድሜው ስንት ነው ተብሎ የተጠየቀ ማን ነበር? ቁመቱ ከደረሰ ደረሰ።

ካናዳ ሁሉን አሳምራለች ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በ2006 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የዘማቾች ሕግ ለጉዳት ይከፈል የነበረውን የወር ጡረታ በአንድ ጊዜ ክፍያ ተካው። ዳሌርም ከደገፉት አንዱ ነበሩ። ከአፍጋኒስታን የተመለሱ ቁስለኞች ገንዘቡ ቶሎ አለቀብን፣ ተበደልን ብለው ዓመታት ጮኹ፤ የዕድሜ ልክ ክፍያ እንደ አማራጭ የተመለሰው በ2019 ነው። በ2013 መጨረሻም ብዙ ወታደሮች በተከታታይ ራሳቸውን አጠፉ፣ አገሩ ደነገጠ። በዚያው ሰሞን ዳሌር መኪና እየነዱ እንቅልፍ ወሰዳቸውና እዚያው ፓርላማው ግቢ ውስጥ ከመንገድ ማገጃ ጋር ተጋጩ። ከዚያ ሴኔቱ ፊት ቆመው ይቅርታ ጠየቁ። የሩዋንዳው እልቂት ሃያኛ ዓመት ሲቃረብና የእነዚያን ወታደሮች ሞት ሲሰሙ እንቅልፍ እንዳጡ ተናገሩ። ሃያ ዓመት ሙሉ! መድኃኒት እየወሰዱ፣ ሐኪም እያዩ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሩዋንዳ አልለቀቃቸውም። በጁን 2014 ጡረታቸው ሳይደርስ ሰባት ዓመት ቀድመው ሴኔቱን ለቀቁ፣ ጊዜዬን ለሕፃናቱ ጉዳይ ልስጥ ብለው።

እኔ የማታ ሠራተኛ ነኝ፤ አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። እዚያም የቀድሞ ወታደሮች አሉ። አንዱ አዛውንት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቃሉ። ሁሉም ነገር አላቸው። ንጹሕ ክፍል፣ የሚጠሩበት ደወል፣ በየሳምንቱ የሚያነጋግራቸው ባለሙያ፣ ፋይላቸው ላይ የተጻፈ የበሽታው ስም። የወታደሮች መታሰቢያ ቀን፣ ኖቬምበር 11፣ ሲደርስ ደረታቸው ላይ ቀይ አበባውን የምሰካላቸው እኔ ነኝ። ልጆች አሏቸው፣ ሩቅ ናቸው። አንድ ሌሊት ደወሉ ጠራና ሄድኩ። ምን ላምጣልዎ ስላቸው ምንም አሉኝ። ምንም ካልፈለጉ ለምን እንደደወሉ ሲገባኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ግን ሌላ ክፍል ደወል ጠራ፣ ተነሳሁ። ለአንድ ክፍል የተፈቀደልኝ ደቂቃ የተቆጠረ ነው። ያን ሌሊት በመኪና ወደ ቤቴ ስመለስ ሃምሳ አለቃን አሰብኳቸው።

ከልጁ ጥያቄ በኋላ ማታውን እናቴ ጋ ደወልኩ። አሁንም ደሴ ናት። በ2014 በእኛ አቆጣጠር ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ያየችውን እስካሁን ሙሉውን አልነገረችኝም፤ ስጠይቃት «ተወው ልጄ፣ አልፏል» ትላለች። ስለዚህ ስለ ራሷ አልጠየቅኳትም።

«እማዬ፣ ሃምሳ አለቃን ታስታውሻቸዋለሽ?» አልኳት።

«እንዴት አላስታውሳቸውም! ነፍሳቸውን ይማርና። ምነው ዛሬ?»

«ሌሊት ይጮሁ የነበረው...»

ዝም አለች። ከዚያ «አባትህ እኮ ይሄድላቸው ነበር» አለችኝ።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አባቴ ወታደር ሆኖ አያውቅም፣ ነጋዴ ነው። ጩኸቱ ሲጀምር ተነስቶ ጋቢውን ለብሶ፣ ሻይ በፔርሙስ ይዞ ይሄዳል አለችኝ። በራቸውን አንኳኩቶ «ጌታዬ፣ እኔ ነኝ» ይላል። ሁለቱ ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ። ምን ይጫወቱ ነበር አልኳት። «ምንም። አባትህ መቼ ወሬ ያውቃል? ሰውየው እንቅልፍ እስኪይዛቸው ይቀመጥና ይመለሳል። ስንት ዓመት እንዲህ ሆነ መሰለህ፣ አንተ ተኝተህ።»

ከዚያ አባቴ በሞተ ጊዜ ሃምሳ አለቃ ሦስቱን ቀን ከድንኳኑ አልወጡም አለችኝ። ሌሊት ሌሊት ለቀስተኛው ሲተኛ እሳቸው በር ላይ፣ ፔርሙሱን አጠገባቸው አስቀምጠው ይነጋባቸው ነበር።